ኢንዛይም ማሻሻልን ለሌላ አገር አንተው

ስለ ቡሬ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲወራ የሚነሳው መብራት፣ መንገድና የውጭ ምንዛሪ ነው። ልክ ነው፣ ሁሉም ያስፈልጋል። እኔ ግን የተረሳ ነገር ልጨምር፤ ኢንዛይም።

ኢንዛይም ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። ጎጃም ውስጥ ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ሁሉ ይሠራበታል። ገብሱ ብቅል ሲሆን አሚሌዝ የሚባለው ኢንዛይም ይበዛል፤ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቀይረው እሱ ነው። ችግሩ፣ የብቅሉ ኢንዛይም ኃይለኛ ሙቀት አይችልም። የበቆሎ ስታርችን ወደ ግሉኮስ የሚቀይሩ ትልልቅ ፋብሪካዎች ደግሞ ከ100 ዲግሪ በላይ ያሞቃሉ። ስለዚህ ከባክቴሪያ የተገኘ፣ ሙቀት የሚችል አሚሌዝ ይጠቀማሉ።

ተፈጥሮ ያልሰጠችውንም ጠባይ ማውጣት ይቻላል። አሜሪካዊቷ ፍራንሲስ አርኖልድ ያደረገችው ገበሬ ዘር ሲመርጥ ከሚያደርገው ብዙ አይርቅም። የኢንዛይሙን ጂን በዘፈቀደ ትቀያይራለች፣ የተሻለውን ትመርጣለች፣ ከተመረጠው ላይ ደግሞ እንደገና ትጀምራለች። በ1993 እ.ኤ.አ. ሰብቲሊሲን የተባለውን ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም፣ በሚያዳክመው ኬሚካል ውስጥ ሆኖ ከ200 እጥፍ በላይ የተሻለ እንዲሠራ አደረገችው። በ2018 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመች።

«ይሄ ለእኛ ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። በፍጹም አልስማማም። ለመነሻ የሚያስፈልገው ጂን ማባዣ ማሽን፣ ባክቴሪያ ማሳደጊያና የሠለጠነ እጅ ነው። አልፋፎልድ የተባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተነበያቸውን ከ200 ሚሊዮን በላይ የፕሮቲን ቅርጾች የያዘው መረጃ ቋት እንኳ በነፃ ይገኛል። ከባዱ ሥራ ከሺህ ዓይነቶች መሃል ጥሩውን ቶሎ የሚለይ መመርመሪያ መፍጠር ነው። እሱን ደግሞ የፋብሪካውን ችግር በቅርብ የሚያውቅ ሰው ነው የሚሠራው።

ባሕር ዳር በቆዳ ብትጀምር ደስ ይለኛል። ቆዳ ፋብሪካዎች ፀጉር ለማንሳት ኖራና ሰልፋይድ የሚባል ኬሚካል ይጠቀማሉ። ፍሳሹ ይከረፋል፣ ካልታከመ ዓሣ ይገድላል። ከተማዋ ደግሞ ጣና ዳር ናት፤ ዓባይም ከዚያው ነው የሚወጣው። ፕሮቲዬዝ የሚባሉት ኢንዛይሞች ሰልፋይዱን በጣም ይቀንሳሉ። ግን ካልተጠነቀቁ ቆዳውንም ይበሉታል። የፀጉሩን ሥር እያላላ የቆዳውን ዋና ፕሮቲን፣ ኮላጅኑን፣ የማይነካ ኢንዛይም ያስፈልጋል። ይህ ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ልክ የሆነ ጥያቄ ነው። የማስተርስ ተማሪው ጥያቄውን ከፋብሪካው ይውሰድ፣ ፋብሪካውም ቆዳና ውኃ ይስጠው፤ ሙከራው በንጹሕ የላብራቶሪ ናሙና ብቻ አይወሰን።