ሰዓቴ ይቁጠር እንጂ አይፍረድብኝ

በዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት ላይ የእጅ ሰዓቴ ሰደበኝ። ስድቡ በእንግሊዝኛ ነው፤ ወደ እኛ ሲመለስ «ልፋትህ ፍሬ የለውም» እንደማለት ነው። ያን ጠዋት ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ድረስ ሽቅብ ሮጬ መመለሴ ነበር። ላቤ እንኳ ገና አልደረቀም።

ሰዓቱ ርቀትና የልብ ምት የሚለካ የስፖርት ሰዓት ነው፤ ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ነው ያስመጣሁት። 41 ዓመቴ ነው። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ትራያትሎን እንሞክር ተባብለን ነበር። ለማያውቀው፣ መጀመሪያ ይዋኛል፣ ቀጥሎ ብስክሌት ይነዳል፣ መጨረሻ ላይ ይሮጣል፤ በመሀል ዕረፍት የለም። የኦሊምፒኩ ርቀት 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። እኛ ግማሹን መረጥን። የሚመቸን ውድድር ስላላገኘን ላንጋኖ ወርደን እርስ በርሳችን ልንወዳደር ለግንቦት ተቀጣጠርን።

ከሰዓቱ ጋር ሦስት ወር ከከረምኩ በኋላ የያዝኩት አቋም ይሄ ነው። ሲቆጥር እሰማዋለሁ፤ ሲፈርድ አልሰማውም። ስንት ኪሎ ሜትር፣ ስንት ደቂቃ፣ ልብ በደቂቃ ስንት ጊዜ መታ፤ ይሄ ቆጠራ ነው። «ዛሬ ዝግጁ አይደለህም»፣ «የሰውነትህ ዕድሜ 50 ነው»፣ «ልፋትህ ፍሬ የለውም»፤ ይሄ ደግሞ ፍርድ ነው። ችግሩ ሁለቱም በአንድ መስታወት ላይ፣ በአንድ ዓይነት ፊደል መምጣታቸው ነው። ሰው ፍርዱንም እንደ ቁጥሩ ያምነዋል።

የእንጦጦውን ስድብ እንየው። ሰዓቱ ሳንባዬ ኦክስጅን እንዴት እንደሚያስገባ አያይም። ፍጥነቴን ከልብ ምቴ ጋር አስተያይቶ ይገምታል እንጂ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የእንጦጦ አናት ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ልብ ይደልቃል፣ እግር ይጎተታል። ይህን ሲያይ «ሰውየው አቅም የለውም» ብሎ ይደመድማል። አንዳንዱ ሰዓት ከፍታን አሰላለሁ ይላል። የእኔም ይላል። ግን ለውድድራችን ላንጋኖ በወረድን ማግስት፣ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ትንሽ ብሮጥ «አቅምህ ተሻሽሏል» ብሎ አሞገሰኝ። ዳገቱ ቀረ እንጂ እኔማ ያው ነኝ።

ሌላው የልብ ምት ጣሪያ ነው። ሰዓቱ ካልነገሩት በቀር ከ220 ላይ ዕድሜን ቀንሶ ይጀምራል፤ ለእኔ 179 ሰጠኝ። ደረት ላይ የሚታሰረውን የልብ ምት መለኪያ ቀበቶ ተውሼ ዳገት ስወጣ 188 አየሁ። ቀመሩ የብዙ ሰው አማካይ ነው። ከሰው ሰው በ10 ምት፣ ከዚያም በላይ ይለያያል። እኔ ይህን እስካውቅ ድረስ አንድ ወር ሙሉ «ቀይ መስመር ገብተሃል» እያለ ሲጮህብኝ ከጓደኛዬ ጋር ስለ ቤት ኪራይ እያወራሁ እሮጥ ነበር። እያወራ የሚሮጥ ሰው ምን ቀይ መስመር አለው?

የጾሙ ነገርማ ይለይለታል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም እንዳልቀመስኩ አያውቅም። በስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ስሰግድ እጄ ላይ ነዘረኝና «ስፖርት እየሠራህ ይመስላል፤ ልመዝግብልህ?» አለ። አጠገቤ የነበሩት እናት ቀና ብለው አዩኝ፤ አፈርኩ። በትንሣኤ ሌሊት ቆሜ አድሬ ስመለስ ለእንቅልፌ ከ100 ላይ 31 ሰጥቶ «ዛሬ ዕረፍ» አለኝ። እዚያ ላይ ብቻ ተስማማን።

በዚህ የምቆጣው ለራሴ ብዬ አይደለም። አንደኛው ጓደኛችን ሰዓቱ «ዕረፍ» ስላለው ብቻ የእሁድ ሩጫችንን ሦስት ጊዜ ቀርቷል። አላመመውም፣ አልደከመውም። የኛ ሀገር አትሌቶች ጫካ ውስጥ በሰልፍ፣ የፊተኛውን እግር እየተከተሉ ነው የሚሮጡት። አንዱ የደከመ ቀን ሌላው ይጎትተዋል። ሰዓቱ ይህን የሚጽፍበት ቦታ የለውም። በ1978 እ.ኤ.አ. ሃዋይ ላይ አይረንማን የሚባለው ረጅም ትራያትሎን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ 15 ሰዎች ጀምረው 12 ጨርሰዋል፤ 3.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋና፣ 180 ብስክሌት፣ ከዚያ ሙሉ ማራቶን። ሁለተኛ የወጣው ሰው አጃቢዎቹ ጋ ውኃ ቢያልቅበት ቢራ ጠጥቶ ነው የቀጠለው። የዛሬ ሰዓት ቢያስር ኖሮ ምን ይለው እንደነበር አስቡት።

ቆጠራውን ግን አልክድም። ጠዋት ከአልጋ ሳልነሳ የልብ ምቴ 54 ነበር፣ ሁሌም። አንድ ቀን 63 አለኝ። በማግስቱ ጉንፋን ጣለኝ። ከዚያ ወዲህ ያቺን ቁጥር ሳላይ ጫማ አላስርም።

ደግሞ ቆጠራም ቢሆን የነገርከውን ነው የሚቆጥር። የምለማመድበት ገንዳ ውስጥ ስመላለስ ቆይቼ ወጣሁና ሰዓቴን አየሁ፤ ከዳር ዳር 60 ጊዜ፣ 1,500 ሜትር! ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ዋና የሚያስተምሩን ሽማግሌ ዳር ላይ ቁጭ ብለው ያዩኛል።

«ስንት አለህ?»

«አንድ ሺህ አምስት መቶ፣ ጋሼ።»

«ይቺ ገንዳ እኮ 20 ሜትር ናት» አሉኝ።

ሰዓቱ ከፋብሪካ ሲወጣ 25 ሜትር ተብሎ ነው የተሞላው። እኔም አልቀየርኩትም። እሱ የሚያውቀው ግድግዳ ረግጬ መዞሬን ብቻ ነው፤ በ25 ያባዛዋል። ስለዚህ 1,200 ነው የዋኘሁት። መሀል ላይ ቆሜ ሰው ሰላም ያልኩባቸውን ጊዜያት አንዳንዴ እንደ አንድ ዙር ቆጥሯቸው ስለነበር ከዚያም ሳያንስ አይቀርም። ጓደኞቼ ሳምንቱን ሙሉ ሙድ ያዙብኝ። ጋሼ ግን ሌላ ነገር ነው ያሳሰባቸው። «ልጄ፣ በየዙሩ ክንድህን ለማየት ቀና ስትል ዳሌህ ይሰምጣል። እሱን አውልቀህ ጭንቅላትህን ውኃ ውስጥ አስገባ» አሉኝ። ሁለት ሳምንት ያለ ሰዓት ዋኘሁ። ዋናዬ የተስተካከለው ያኔ ነው።

የላንጋኖ ዕለት መልሼ አሰርኩት። 750 ሜትሩን አስቀድመን በጀልባ ለክተን፣ መዞሪያው ላይ ቢጫ ጀሪካን አስረን ነበር። የላንጋኖ ውኃ ቡናማ ነው፤ የገዛ እጅህ አይታይህም። ገንዳ ውስጥ ከታች የተሰመረው መስመር ይመራሃል፤ እዚያ ግን ምንም የለም። ከአራታችን መጨረሻ ወጣሁ። ሰዓቱ 910 ሜትር ይላል።

«ይሄማ ተሳስቷል» አልኩ እያለከለክሁ፣ ብስክሌቴን ትቼ። ጂፒኤስ ውኃ ውስጥ እንደማይሠራ፣ ሳተላይቱን የሚያገኘው ክንድ ብቅ ባለ ቁጥር ብቻ እንደሆነ ማስረዳት ጀመርኩ። በጀልባ ሲከተለን የነበረው ልጅ ሳቁን ዋጥ አድርጎ አቋረጠኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎማ ወደ ማዶ ሊሻገሩ ነበር። ሁለቴ ጠርቼዎታለሁ።»

ማታ ካርታውን ከፍቼ አየሁት። መስመሩ ሁለት ቦታ ላይ ወደ ግራ ጎብጧል።