ይድረስ ለክቡር የቤት ቁጥር፣ ካሉበት

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል፣ እኛ እርስዎን ከማጣት በቀር በጣም ደህና ነን።

ኧረ ግን ምንድነው እንደዚህ መኮፈስ? የትኛውም ፎርም ላይ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ ከዛ እርስዎ ተጎልተዋል። የአያቴን ስም ብሳሳት ሰርዘህ አስተካክል እባላለሁ፣ እርስዎን ባዶ ከተውኩ ግን ወረቀቱ ተመልሶ እጄ ላይ ነው። ለቤት ሲሆን ደግሞ ሆደ ሰፊነትዎን እናውቃለን፣ አዲስ አበባ ውስጥ ቁጥር ያላገኘ ቤት «አዲስ» ተብሎ ይሞላና ያልፋል እኮ፣ ቆርቆሮው ዝጎ ጭቃው ረግፎ ስንቱን ትውልድ ያሳደገ ቤት እስከዛሬ «አዲስ» ነው፣ ማንም ምንም አይለውም። ተከራይ ሲመጣ ነው ህግ ትዝ የሚልዎት።

ተከራይ መቼም እርስዎን የሚያገኘው በአከራይ ቸርነት ነው። ገና ቁልፍ ሳይቀበል ደላላው ጠጋ ብሎ «በዚህ ቤት ቁጥር መታወቂያ ማውጣት የለም እሺ» ይለዋል፣ ለምን ሲባል ነገ ተነስቶ ቤቱ የኔ ነው እንዳይል ተፈርቶ ነው። (በመታወቂያ ቤት የወረሰ ተከራይ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አገናኙኝ፣ ኮሚሽን እከፍላለሁ።)

በ2016 የኪራይ አዋጁ፣ 1320፣ የወጣ ጊዜ ትንሽ የሚደነግጡ መስሎን ነበር። ውል በጽሁፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ከ2 ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይብለጥ፣ ጭማሪ በዓመት አንዴ ብቻ እሱም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ፣ እሰይ አልን። ከዛ አከራይ «እኔና አንተ መሃል ምን ወረቀት ያስፈልጋል፣ እንደ ልጄ አይደለህ» አለ፣ ልጅነቱ እስከሚቀጥለው ጭማሪ ቆየና «ይቅርታ ቤቱን ለልጄ ፈልጌዋለሁ» መጣ፣ ለእውነተኛው ልጅ ማለት ነው። ተከራይስ ያልተመዘገበ ውል ይዞ ማን ፊት ይቆማል? ቢቆምስ ማታ የሚገባው በዛው በር ነው፣ ውሃና መብራቱም በዛው ቆጣሪ፣ በነጋታው «መስመሩ ተበላሽቷል» ይባልና ባልዲ ይዞ ይወጣል።

እና ልቀቅ የተባለው ሰውዬ ቤት ሳያጣ ልድረስ ብሎ እርዳታ ፍለጋ ይወጣል። የወረዳው ቤቶች ጽህፈት ቤት ሲሄድ «ውልህ እኛ ጋር የለም፣ ማህበራዊ ጉዳይ ጠይቅ»። ማህበራዊ ጉዳይ ደግሞ ከላይ እስከታች ያዩትና «አሁን ቤት ውስጥ ነው ያለኸው አይደል? እኛ እኮ የምናየው ጎዳና የወጡትን ነው» ይሉታል። ይሄ ሰውዬ ምን እንዲያደርግ ነው የሚጠበቀው፣ ፈጠን ብሎ ጎዳና እንዲወጣ ነው? የአንድ ወር ውዝፍ ሸፍኖ፣ አከራዩን አስቀምጦ አነጋግሮ፣ ውሉን ማስመዝገብ አይቀልም ወይ፣ በኋላ ከነልጆቹ ከበረንዳ ከማንሳት? ሴፍቲኔቱም (የከተማ ድሃ የሚደገፍበት የመንግስት ፕሮግራም) ቢሆን ጎዳና ላሉት ለብቻው ክፍል አለው፣ የቀረው ድሃ በየወረዳው ነዋሪነቱ ታይቶ ይመለመላል፣ ዛሬ ቤት ኖሮት ነገ የሚያጣው ግን የየትኛውም አይደለም፣ እስኪወድቅ ይጠበቃል።

ወደቀ እንበል። እቃው ዘመድ ጋር፣ ሚስትና ልጆች ሌላ ዘመድ ጋር፣ እሱ የትም። አሁን ይረዱታል ስንል ክቡርነትዎ ብቅ ይላሉ፣ «የቤት ቁጥር?»። የለኝማ፣ ለሱ አይደል የመጣሁት! በጎ አድራጎቱ ከወረዳ የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ ይላል፣ ወረዳው የነዋሪነት መታወቂያ፣ መታወቂያው መሸኛ፣ መሸኛው የድሮውን ወረዳ፣ የድሮው ወረዳ ደግሞ «አንተ እኛ ጋር መቼ ተመዝግበህ ታውቃለህ»። ወረዳው የራሱ ዝርዝር አለው፣ በጎ አድራጎቱም የራሱ፣ ቤተክርስቲያኑም መስጂዱም እንደዛው፣ ዝርዝሮቹ ግን ተዋውቀው አያውቁም፣ ስለዚህ ሰውዬው በየደረሰበት የመከራውን ታሪክ ከሀ ጀምሮ ይተርካል፣ ሲደጋግመው ደግሞ በቃሉ ይይዘውና «ይሄማ ለምዶታል፣ ባለሙያ ነው» ተብሎ ይጠረጠራል።

ፋይዳ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ ሲመጣ አሻራውንም ዓይኑንም ሰጥቷል እኮ! አገሪቱ የዓይኑን ብሌን ታውቀዋለች፣ እርስዎ ግን በር ላይ የተለጠፈ ቆርቆሮ ካላየሁ አላምንም ብለው ቁጭ።

እንግዲህ ልመናዬ ትልቅ አይደለም፣ ቤት ያጣ ሰው የሚሞላው ፎርም ላይ ብቻ የዓመት ፈቃድ ይውጡልን፣ ቦታዎን ስልክ ቁጥር ይሸፍነዋል። ለተከራይ መታወቂያም አከራይን ሳያስለምኑ የተመዘገበውን ውል አይተው ይለፉ። የተቀረው ላይ እንደልብዎ ይኮፈሱ፣ አንደርስብዎትም።

ከማይነቃነቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ ተከራይ (ለጊዜው)

ግልባጭ፦
ለአቶ ነገ ተመለስ
ለወ/ሮ ሲስተም የለም
ለክቡር ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው