እርማት፦ «.30-06 የሙዚየም ዕቃ ነው» ላልከው ወዳጄ

አቦ፣ ትናንት ከዚራ በርጫ ላይ ያልከውን ዛሬም ደግመህ ጻፍከው። «ከ6.5 ክሪድሙር በኋላ .30-06 የሙዚየም ዕቃ ነው» ብለሃል፤ ሁለቱም የአደን ጠመንጃ ጥይት ዓይነቶች ናቸው። ብዙ ሰው ይለዋል፤ ግን ልክ አይደለም።

.30-06 የወጣው በ1906 እ.ኤ.አ. ነው፤ ክሪድሙር በ2007። መቶ አንድ ዓመት ይለያያሉ። ፍጥነታቸውን ግን እየው። አሮጌው 11.7 ግራም እርሳስ (ከአፈሙዝ ወጥቶ የሚመታው የጥይቱ ጫፍ) በሰከንድ 820 ሜትር ገደማ ይወረውራል። አዲሱ በዚያው ፍጥነት ግድም የሚለቀው 9.1 ግራም ነው። እንግዲህ ከአፈሙዝ ሲወጡ የማን ዱላ ይከብዳል?

የክሪድሙር ጥቅም ሌላ ቦታ ነው። እርሳሱ ቀጭንና ረዘም ያለ ስለሆነ ንፋስ እንደልቡ አይገፋውም። ትከሻም አይደቁስም። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ትከሻውን የፈራ ሰው ቃታ ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናላ! በ500 ሜትር ልዩነቱ በደንብ ይታያል። በ150 ሜትር ግን አጋዘኑ የመታው የትኛው እንደሆነ አያውቅም።

ከዚህም የሚያረጅ አለ፤ የ1892ቱ 7 በ57 ሞዘር የሚባለው ጥይት። ስኮትላንዳዊው አዳኝ ቤል ከሺህ በላይ ዝሆን ሲገድል አብዛኛውን የጣለው በሱ ነው። (አንተ እንዳትሞክረው! ሰውየው የዝሆን ጭንቅላት ውስጡን በቃሉ ያውቅ ነበር። ዛሬ በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች ከ.375 ካሊበር (የእርሳሱ ውፍረት በኢንች) በታች ለዝሆን ክልክል ነው።)

ደግሞ አንድ የረሳኸው ነገር አለ። በእነዚህ ዓመታት በጣም የተሻሻለው እርሳሱ ነው። ሲመታ የማይበታተነው፣ ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የሚሠራው አዲሱ እርሳስ በ.30-06 ቀለህም ተገጥሞ ይሸጣል።