«ኮል ኦፍ» ማራዘም ማለት አይደለም

የእንግሊዝኛው «ኮል ኦፍ» (call off) ምን ማለት ነው ለሚለው ጥያቄ፣ ከ«ፑት ኦፍ» (put off) ጋር አንድ ነው፣ ሁለቱም ቀጠሮ ማራዘም ማለት ነው የሚል መልስ ተደጋግሞ ተጽፏል። በቅንነት የተጻፈ መሆኑ ያስታውቃል፤ ግን ትክክል አይደለም። ሁለቱም «ኦፍ» ስላላቸውና ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ስለሚጠኑ መምታታታቸው አይገርምም።

«ፑት ኦፍ» ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ነው። «ኮል ኦፍ» ግን መሰረዝ ነው። በቃ፣ ቀረ። ሰርግም ሆነ ስብሰባ፣ የሥራ ማቆም አድማም ሆነ የጠፋ ሰው ፍለጋ፣ «ኮልድ ኦፍ» ከተባለ የለም ወይም ቆሟል ማለት ነው።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። «ዘ ኢንተርቪው ሃዝ ቢን ኮልድ ኦፍ» (ቃለ መጠይቁ ተሰርዟል) የሚል ኢሜይል የደረሰው ሰው ተራዝሟል ብሎ ከተረዳው፣ የማይመጣ ቀን ሲጠብቅ ሌላ ሥራ ሊያመልጠው ይችላል። በተቃራኒው ስብሰባውን ወደ ሐሙስ መግፋት ፈልጋችሁ «ሌትስ ኮል ኢት ኦፍ» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ሰዎቹ ከካላንደራቸው ያጠፉትና ሐሙስ ብቻችሁን ትገኛላችሁ።

ማረጋገጥ ለምትፈልጉ፣ የካምብሪጅ መዝገበ ቃላት ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ። «ኮል» ብቻ ብላችሁ አትፈልጉ፣ ትርጉሙ ብዙ ስለሆነ ግራ ትጋባላችሁ፤ «ኮል ኦፍ» ብላችሁ ሁለቱንም ቃላት ጻፉ። ሌላው መፈተኛ «አንቲል» (እስከ) የሚለው ቃል ነው። «ፑት ኢት ኦፍ አንቲል ፍራይዴይ» ያስኬዳል። የተሰረዘ ነገር ግን እስከ አርብ የሚባል ቀን የለውም፣ ስለዚህ «ኮል ኢት ኦፍ አንቲል ፍራይዴይ» ስትሉት ለጆሮም ይጎረብጣል።