እግዜር ብቻ ካየን ምን አለበት?

እሁድ ጠዋት በቅዳሴ ሰዓት አዲስ አበባ ውስጥ ወደ አንዱ ደብር ብቅ በሉ። ምዕመኑ ወደ ቤተ መቅደስ ሲገባ ጫማውን ያወልቃል። ሙሴም አውልቋል፤ ቦታው ቅዱስ ነውና። ከሙሴ የምንለየው እኛ ያወለቅነውን በፌስታል ቋጥረን ይዘን መግባታችን ነው። ደጅ ላይ የተወ ሰው በባዶ እግሩ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ቀኝ እጅ ለማማተብ፣ ግራ እጅ ለፌስታል። ሰባኪው «ከእርሱ ዓይን የሚሰወር የለም» ሲል «አሜን» እንላለን፤ እግረ መንገዳችንን ፌስታሉን ዳበስ እናደርጋለን።

ጥምቀት ላይም እንዲሁ ነው። ታቦቱ ወጥቶ፣ እልልታው ቀልጦ፣ መሐል ላይ ድምፅ ማጉያው «ምዕመናን፣ ኪሳችሁንና ሞባይላችሁን ጠብቁ» ይላል። ሌባውም ነጭ ለብሷል። ሌባውም ያጨበጭባል። ደግሞ ከሃዲ እንዳይመስላችሁ። እጅ ከፍንጅ ብትይዙት መጀመሪያ ከአፉ የሚወጣው «ማርያምን እኔ አይደለሁም!» ነው።

ትምህርቱ ጎድሎን አይደለም። ዳዊት የሚደግም ሰው «ከመንፈስህ ወዴት እሄዳለሁ? ከፊትህስ ወዴት እሸሻለሁ?» የሚለውን በቃሉ ይወጣዋል። ሰማይ ብወጣ አለህ፣ ሲኦል ብወርድ አለህ። መደበቂያ የለም ማለት ነው። ዳዊት የማያነብም ቢሆን በሥዕል ያየዋል። ጎንደር ሄዶ አድያም ሰገድ ኢያሱ የመሠረቱት ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው ቀና ሲል ጣሪያው የመላእክት ፊት ነው። ክንፍ ያላቸው ፊቶች በረድፍ በረድፍ ሆነው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው ቁልቁል ያዩታል። ጥግ ቢይዝም ያዩታል። የድሮ ሠዓሊዎቻችን በዓይን ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። ደግ ሰው ሲስሉ ፊቱን ሙሉውን አዙረው በሁለት ዓይኑ ነው፤ ክፉ ሰው ሲስሉ በጎን፣ በአንድ ዓይኑ። (ፎቶ ሲነሳ ሁሌ «በጎን አንሱኝ፣ በጎን ያምርብኛል» የሚል ወዳጅ አለኝ። እስካሁን አልነገርኩትም።)

መደበቅ እንደማያዋጣም ከአዳም ጀምሮ ታይቷል። አዳም ዛፍ መሐል ተሸሸገ። «ወዴት ነህ?» ተባለ። ጠያቂው ቦታው ጠፍቶት አይደለም። አዳም ግን ሲመልስ ሰበቡን አብሮ ይዞ መጣ፤ ይቺ አንተ የሰጠኸኝ ሴት ናት አለ። ባንድ አፍ ሚስቱንም ሰጪውንም ከሰሰ። እንዲህ ያለ ፈጣን ጠበቃ ዛሬም በስንት ብር አይገኝ።

ይህን ሁሉ እያወቅን ታዲያ ሱቅ ስንገባ የሚያስደነግጠን «ይህ ሱቅ በካሜራ ይጠበቃል» የሚል ወረቀት ነው። ካሜራው ይሥራ አይሥራ የሚያውቅ የለም። ቢሆንም እጃችን ይሰበሰባል፣ አረማመዳችን ይታረማል፣ ያነሳነውን ብስኩት ዋጋውን እያየን እንደሆነ በሚያስታውቅ ሁኔታ እናገላብጠዋለን። ካሜራ መብራት ሲሄድ አያይም። መብራት ሄደ መጣ የማይቸግረው ግን እንዲህ አያስደነግጠንም።

በአያቶቻችን ጊዜ ሁለት ሰው ዱላ ሲማዘዝ መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ካለ ዱላው ባለበት ይቆም ነበር። ዩኒፎርም የለ፣ ፖሊስ ጣቢያ የለ። የተጠራው አምላክ ነው። ዛሬ «በሕግ አምላክ!» ብትሉ ሰዉ ዞር ብሎ ያያችኋል። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻችኋል።

ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ተመልከቱ። ሃምሳ አምስት ቀን ረጅም ነው፤ ሥጋ ደካማ ናት። እሺ፣ ደከመች እንበል። የደከመው ሰው ግን የት ሄዶ ነው የሚበላው? ሲኤምሲ የሚኖረው አየር ጤና፣ አየር ጤና የሚኖረው ሲኤምሲ። ጥጉን ይይዛል፣ ጀርባውን ለበሩ ይሰጣል፣ ጥብሱን በሹክሹክታ ያዛል። በሩ በተከፈተ ቁጥር አንገቱን ይሰብራል። ፈጣሪ የሰፈር ሰው አይደለም፤ ሁለት ታክሲ ተይዞ አይመለጥም። ሰውየው የሸሸው ግን ፈጣሪን አይደለም፤ የእድራቸውን ጸሐፊ ነው። ቀና ሲል ፊት ለፊቱ ዱለት የሚበላው የእድራቸው ጸሐፊ ሆኖ ሲያገኘው ነገሩ በሰላም ያልቃል። ለሁለቱም ሐኪም ነው ያዘዘላቸው።

አንድ አትክልት ቤት አለ። የት እንደሆነ አልናገርም፤ የእናንተም ሰፈር አይጠፋም። ግድግዳው ላይ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ተለጥፏል። በአንድ እጁ ሰይፍ፣ በአንድ እጁ ሚዛን ይዟል፤ ሰይጣን እግሩ ሥር ተጋድሟል። ልክ ከሥዕሉ በታች ሌላ መዛኝ አለ፤ የባለሱቁ ልጅ። የላይኛው ነፍስ ይመዝናል፣ የታችኛው ቲማቲም። ልጁ ቲማቲሙን ሳህኑ ላይ አያስቀምጥም፤ ይወረውረዋል። ሳህኑ በውርወራው ኃይል ወደ ታች ጥልቅ ይላል፣ ቀስቷ ኪሎውን አልፋ ትሮጣለች። ተመልሳ ሳትረጋ ቲማቲሙ ፌስታል ውስጥ ተገልብጧል።

«ልጄ፣ ይቺ ኪሎ ትሞላለች?» ይላሉ ገዢዋ።

«ሚካኤልን እናቴ! እንደውም ትርፍ አላት!» ይላል ልጁ፣ በጣቱ ወደ ግድግዳው እየጠቆመ።

ምስክሩ እኮ እላዩ ላይ ቆሟል። ሚዛንም ይዟል። እኔ ብሆን ቢያንስ በሌላ መልአክ እምል ነበር።

እናትየው ፌስታሉን አንጠልጠል ሲያደርጉት ነገሩ ገባቸው። አልተጣሉም። «እግዜር ይየው» ብለው ሄዱ። መጽሐፈ ምሳሌ አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው ስለሚል፣ ክሳቸው ፋይሉ የተሟላ ነው።

እኚሁ እናት ግቢያቸው ውስጥ የሚያከራዩት ቤት አላቸው። ቤቱ ሁለት ውል አለው። አንደኛው ገቢዎች ሲጠይቅ የሚወጣው ነው፤ ኪራዩን ያየ ሰው ለአከራይዋ ያዝናል። ሁለተኛው ፍራሽ ሥር ነው። ተከራዩ በየወሩ የሚከፍለው የፍራሹን ነው። እዚህ ላይ «እግዜር ይየው» ያለ የለም። ተከራዩ በሆዱ ብሎ ካልሆነ።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 ላይ ያሉት ሐናንያና ሰጲራ መሬት ሸጡ። ከዋጋው ቀነስ አድርገው ደበቁና የቀረውን «ይኸው ሙሉው» ብለው በሐዋርያት እግር ሥር አኖሩ። ባልየው ወዲያው ወድቆ ሞተ። ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ሚስትየው ምንም ሳትሰማ መጣች። ጴጥሮስ በዚህ ዋጋ ነው የሸጣችሁት ብሎ ጠየቃት። አዎን አለች። እሷም ወደቀች። ያ አሠራር እኛ ጋ ቢመጣ የቤት ሽያጭ በሚፈረምበት አዳራሽ በር ላይ አምቡላንስ ተደርድሮ ይውል ነበር። ሻጭ በአንድ በኩል፣ ገዢ በሌላ በኩል። ደላላው ብቻ ኮሚሽኑን ሳይቀበል የሚወድቅ አይመስለኝም።

ደግሞ ልብ በሉ፤ ጴጥሮስ ገንዘቡ የራስህ ነበር ነው ያለው። ሐናንያ ባይሰጥም፣ ግማሹን ሰጥቶ ግማሹን አስቀረሁ ቢልም ጠያቂ አልነበረውም። ጉድ ያደረገው «ሙሉውን ሰጠ» መባል አምሮት ነው።

እኔን የሚገርመኝ እዚህ ጋ ነው። ክፉ ስንሠራ እግዜር ብቻ ቢያየን ቅር አይለንም። ይታገሣል፣ ይሸፍናል፣ ለጎረቤት አያወራም። ደግ ስንሠራ ግን የእሱ ማየት ብቻውን አይበቃንም። ለአንዲት አሮጊት አምስት ሊትር ዘይት ለመስጠት ሦስት ስልክ ተደቅኖ አላያችሁም?

«እማማ፣ ዘይቱን ትንሽ ከፍ ያድርጉልን። ፊትዎን ጋረደው።»

እማማ ከፍ ያደርጋሉ። ክንዳቸው ይንቀጠቀጣል።

«አሁን ይመርቁን።»

«መረቅኋችሁ እኮ ልጆቼ።»

«አልተቀረጸም ነበር። ከመጀመሪያው ይበሉልን፣ እንባውም ካለ...»

ቀኝህ የሚሠራውን ግራህ አይወቅ ተብሏል። ግራ እጅ ስልኩን ይዞ እየቀረጸ እንዴት ብሎ አያውቅም?

ለደብር ማሠሪያ ገንዘብ ሲሰበሰብም ያው ነው። ማይክ የያዘው ሰው «መቶ ሺህ ብር! ስማቸው እንዳይጠራ የፈለጉ አንድ አባታችን!» ይላል። እልልታው ይቀልጣል። ሰዉ ማን ይሆን እያለ ይዟዟራል። ያኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንድ ሰውዬ ብድግ ብለው ነጠላቸውን ማስተካከል ይጀምራሉ። የማይስተካከል ነጠላ ነው፤ ጊዜ ይወስዳል። በማግስቱ ስማቸው እንዳይጠራ የፈለጉት እሳቸው መሆናቸውን ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። የነገሩትም እሳቸው ናቸው። በጴንጤዎቹ አዳራሽም «ጌታ ብቻ ነው የሚያውቀው» ብሎ የሚጀምር ምስክርነት አለ። ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ሲያልቅ ጌታ ብቻ የሚያውቀው ነገር አይተርፍም።

ንስሐ ላይ ስንደርስ ግን ይህ ሁሉ ወሬኛ አፍ ይዘጋል። የንስሐ አባት ሲመርጥ ጆሮአቸው ከበድ ያለውን የሚፈልግ አለ። ደህና የሚሰሙትን የያዘ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለው። አባ ቤት ድረስ ይመጣሉ፣ መስቀል ያሳልማሉ፣ ጠበል ይረጫሉ፣ ቡና ይቀርባል።

«እንዴት ከረምሽ ልጄ? ምን የሚያስጨንቅሽ አለ?»

«ምንም የለም አባ፣ ያው ነው።»

«ያው ምን?»

«ያው እንደ ሰው ነዋ። በማወቅም ባለማወቅም።»

«በማወቅ የሠራሽው የትኛው ነው?»

«አባ፣ ቡናው እንዳይበርድብዎት።»

የጎረቤቷን ኃጢአት ግን በቀንና በሰዓት ከፋፍላ ታስረዳለች። አባም ደጋግመው «የራስሽን» ይላሉ፤ እሷም ደጋግማ ቡናውን ትቀዳለች።

ትንሽ መጽሐፍ የሰማ ሰው ከሆነ ደግሞ በላዔ ሰብን ያመጣል። ሰባ ስምንት ሰው የበላው፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ቁስለኛ ጥርኝ ውኃ ሰጥቶ የዳነው። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት በመጣች ቁጥር ይተረካል። በሚዛኑ አንድ በኩል ሰባ ስምንት ነፍስ፣ በሌላው ጥርኝ ውኃ፤ እመቤታችን ጥላዋን ጣለችበትና ውኃው መዘነ። ታሪኩ የምሕረት ታሪክ ነው። እኛ ግን እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ነው የሰማነው። ሰባ ስምንቱ በአንድ ጥርኝ ከተዘጋ፣ የእኔ የቲማቲም ሒሳብ በአንድ ጧፍ እንዴት አይዘጋም? በላዔ ሰብ እኮ ውኃውን ሲሰጥ ሲደምር ሲቀንስ አልነበረም። «ሰባ ስምንት ልብላና ከዚያ አንድ የጠማው እፈልጋለሁ» ብሎ ዕቅድ አላወጣም። የኛ ሰው ግን ቀድሞ ነው የሚሳለው። ጨረታው ብቻ ይውጣልኝ እንጂ ለደብሩ ሙሉ ምንጣፍ አስገባለሁ ይላል። ጨረታው ይወጣል። ምንጣፉ ለደብሩ፣ ጉቦው ለኃላፊው። ስእለት ሰሚውንም ጉቦ ተቀባዩንም እኩል አመስግኖ ይገባል።

መዝገቡ የሚዘጋበት ቀን ሲደርስም አንሰንፍም። ከቀብር በፊት የሕይወት ታሪክ ይነበባል። ታሪኩን የሚጽፈው ቤተሰብ ነው፤ ሌሊት፣ ለቅሶ ቤት፣ የወንድም ልጅ ላፕቶፕ ይዞ። የትውልድ ዘመንና የሥራ ቦታ ላይ ትንሽ ይጨቃጨቃሉ። የመጨረሻዋ አንቀጽ ግን አታጨቃጭቅም፤ ተዘጋጅታ የምትጠብቅ ናት። «ሰው አክባሪ፣ ቸር፣ ለተቸገረ ደራሽ።» ስም ብቻ እየተቀየረ ከሟች ወደ ሟች ትዞራለች። ኃጢአተኛ የሞተበት ሰፈር እስካሁን አልገጠመኝም።

በቅርብ አንድ ቀብር ላይ አንባቢው ድምፁን ከፍ አድርጎ «በሕይወት ዘመናቸው ማንንም ሰው ያልነኩ» አለ። አጠገቤ የቆሙት ሽማግሌ በግቢ ወሰን የተነሳ ከሟች ጋር ለብዙ ዓመት ፍርድ ቤት የተመላለሱ ጎረቤት ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ከልባቸው አልቅሰዋልም። ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«እውነቱን ነው» አሉኝ። «ሰው አልነኩም። የነኩት አጥሬን ነው።»