ፍስስ ያለች ድመት ሁሉ አውሬ አይደለችም

ደሴ ውስጥ ከመንገድ ተነስታ ለተጠለለችው ድመት ቤት እየተፈለገላት ነው። ብዙዎቻችሁ ግን "ሰው ሲጠጋት ፍስስ የምትል ድመት አውሬ ናት፣ አትለምድም፤ መልሳችሁ ልቀቋት" ብላችኋል። ለጥንቃቄ መሆኑ ይገባኛል። ነገሩ ግን ስህተት ነው።

ያ ድምፅ የፍርሃት ነው፤ "አትጠጉኝ" ማለቷ ነው። እርግጥ ከ2 እስከ 7 ሳምንት ዕድሜዋ ሰው ያልነካት ድመት ካደገች በኋላ መልመድ ይከብዳታል። ቤት ኖራ የተጣለችውም ብትሆን ስትፈራ ልክ እንደዚያችኛዋ ነው የምትሆነው። በአንድ ቀን አይለይም።

ማረጋገጫው ጊዜ ነው። ጸጥ ያለች ክፍል፣ በጎኗ የተጋደመች ካርቶን፣ ውሃ፣ ምግብ፣ አሸዋ ያለበት ሳፋ ይበቃታል። መሬት ላይ ቁጭ በሉ እንጂ አታፍጥጡባት፣ አትጎትቷት። እኔ ከዚህ በፊት የወሰድኳት ሌላ ድመት ሳምንት ሙሉ አልጋ ስር ነበረች። ሌሊት ምግቧን ትጨርሳለች፣ ጠዋት ድምጿ የለም። በ9ኛው ቀን ቡና ስቆላ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ መጣችና ቁርጭምጭሚቴን ታከከችኝ። እኔም ሳልንቀሳቀስ ቆየሁ።

ሁለት ቀን ምንም ካልቀመሰች የእንስሳት ሐኪም ይያት። ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ይሄ ቀልድ የለውም።

"ልቀቋት" ስትሉ ሊወስዳት ያሰበው ሰው ይተዋታል። እሷም ወደ ጦሳ ተራራ ብርድ ትመለሳለች። ለመውሰድ ያሰባችሁ፣ አብሽሩ፤ ጥቂት ሳምንት ስጧት።