«እግረ መንገዳችንን» የሚል ሰው ከመኪናው ይውረድልኝ

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ ስለዚህ ለስላሳ ቃል የሚጠብቅ ሰው ይለፈኝ። ተወልጄ ያደግኩት ጅማ ነው። ከአዲስ አበባ ዘመድ በመጣ ቁጥር «አንተ አገሩን ታውቀዋለህ፣ እስቲ አንዳንድ ቦታ አሳየን» የሚባለውም እኔው ነኝ። እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ደስ እያለኝ ነበር የማሳየው። ከዚያ ወዲህ ግን አንዲት ቃል በሰማሁ ቁጥር ጥርሴን አፋጫለሁ። ቃሏ «እግረ መንገዳችንን» ናት።

አጎቴ ከነሚስቱና ከነልጆቹ መጣ። 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው የመጡ ሰዎች የጅማን ገበያ፣ መርካቶን፣ ብቻ አይተው እንዳይመለሱ ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ሳቅድ ሰነበትኩ። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነስተን ጅሬን እንወጣለን፣ የዳግማዊ አባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ረጋ ብለን እናያለን፣ ወርደን ምሳ እንበላለን፣ ሰማዩ ከፈቀደ ከሰዓት በኋላ ቦዬ ረግረግ ሄደን ወፎቹን እናያለን። እሑድ ደግሞ በለጠ ደን። በቃ። ጅሬን ከመሀል ከተማ ቢበዛ 8 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚህ የቀለለ ዕቅድ ማን ያወጣል?

በማለዳ መነሳቱን ያጠበቅኩት ለጭቅጭቅ አልነበረም። ወሩ ግንቦት ነው። የጅማ ግንቦት ጠዋት ላይ ይስቅልሃል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ሰማዩ ይቀደዳል። ከምሳ በፊት ያላየኸውን ነገር በዚያ ቀን አታየውም። ይህንን አርብ ማታ እራት ላይ ሦስት ጊዜ ተናገርኩ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ አጎቴ ጉርሻውን ዋጥ አድርጎ፣

«አንተ ልጅ፣ ከወጣን አይቀር እግረ መንገዳችንን ቦንጋን ብናይስ? የቡና ሙዚየም አለ ይላሉ» አለኝ።

«ጋሼ፣ ቦንጋ እኮ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ነው።»

«መኪና አይደል እንዴ የምንሄደው?»

ሚስቱ እትዬ ቀጠሉ፤ «አጋሮስ? ቡና የተገኘበት ጮጬ የሚባለው ቦታ እዚያ አይደለም?» (ቡና መጀመሪያ የተገኘው ጮጬ ነው ወይስ ከፋ የሚለው ክርክር ውስጥ ዛሬ አልገባም። ባለፈው ገብቼበት እራቴ ቀዝቅዞብኛል።) ትንሹ ልጃቸው ደግሞ በትምህርት ቤት ስለ ግልገል ጊቤ ግድብ ተምሯል፤ 184 ሜጋ ዋት እንደሚያመነጭ ነገረንና እርሱም እግረ መንገዱን ሊያየው ፈለገ።

እስቲ እጃችሁን ዘርጉና ጣቶቻችሁን ለያይታችሁ ተመልከቱ። መዳፉ ጅማ ከተማ ነው። አንዱ ጣት በቦዬ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ግድቡ በዚያ በኩል ነው። አንዱ ወደ አጋሮና በደሌ ይወስዳል። አንዱ ሰቃን፣ ሸቤንና በለጠ ደንን ይዞ ቦንጋ ይደርሳል። አንዱ ወደ ዴዶ ይወርዳል። ጅሬን ለብቻዋ ከከተማው በላይ ኮረብታዋ ላይ ተቀምጣለች። ከአንዱ ጣት ጫፍ ወደ ሌላው ጣት ጫፍ ለመሄድ መዳፉ ላይ መመለስ ግዴታ ነው። ስለዚህ ከጅማ ተነስቶ ውሎ ለመግባት ያለው ሕግ አንድ ነው፤ በአንድ ቀን አንድ መንገድ። እግረ መንገድ የሚባል ነገር እውነት ከሆነ ሰቃ ቆም ብሎ ሻይ ጠጥቶ ወደ በለጠ መቀጠል ነው። ጅሬንንና ቦንጋን አንድ ላይ ማሰር ግን ካርታ ላይ መሳደብ ነው።

ይህንን ሁሉ በትዕግሥት አስረዳሁ። ተስማሙ። እኔም አምኜ ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ የሚኒባሱ ሹፌር ደጃፌ ቆሞ ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥፋት የሌለበት ሰው እርሱ ብቻ ነው። ቁርሱ፣ ጫማው፣ የጠፋው ቻርጀር ተደማምሮ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሳን። ይህንን እንኳ ይቅር ብያለሁ። መኪናው ገና ማርሽ ሳይቀይር እትዬ ከኋላ ወንበር፣ «የጅማ በርጩማ ሳልገዛማ አልመለስም፤ ማታ ገበያው ስለሚዘጋ እግረ መንገዳችንን አሁን ብንይዘውስ?» አሉ።

መርካቶ ገባን። ለማያውቅ ሰው፣ የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ፣ መቀመጫው ጎድጎድ ያለ ባለ ሦስት እግር ነው። ሚስማር የለውም፣ ሙጫ የለውም። እውነት ለመናገር እጅግ ውብ ነገር ነው፤ ቁጣዬ በበርጩማው አይደለም። እትዬ ግን አንዱን ያነሳሉ፣ ይገለብጣሉ፣ በጥፍራቸው ይቧጥጣሉ፣ ይቀመጡበታል፣ ይነሳሉ፣ «ቀለሙ ትንሽ ጠቆር ያለ የለህም?» ይላሉ። ሻጩ ጠቆር ያለ ያመጣል። «የመጀመሪያው ይሻላል መሰለኝ።» ዋጋ ሲባል ይሄዳሉ። ሻጩ ይጠራቸዋል። ይመለሳሉ። እንደገና ይሄዳሉ። ሰዓቴን አይቼ ነበር፤ 50 ደቂቃ። የአጎቴ ልጅ በዚህ መሀል ጠፋ፤ ስንፈልገው ከቆየን በኋላ ጫቱን በኮባ ቅጠል አስጠቅልሎ ፈገግ እያለ መጣ። «ስትዘገዩ ጊዜ እግረ መንገዴን...»

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። እዚያው ቆመን ሳለ ለእናቴ መድኃኒት ገዝቻለሁ። አምስት ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። እሺ፣ አሥራ አምስት።

አሁን ልንሄድ ነው ስል አጎቴ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። አብሮት የተማረ ጓደኛው ካረፈ ሦስት ወሩ ነው፤ ቤቱ ቆጪ ነው። «ከተማው ድረስ መጥቼ ሳልደርሳቸው ብመለስ ምን ይሉኛል? እግረ መንገዳችንን ፊታችንን አሳይተን እንውጣ።»

በዚህ ላይ ምን ይባላል? በርጩማን መቃወም ይቻላል። ጫትን መቃወም ይቻላል። ለቅሶን የሚቃወም ሰው ግን አልተፈጠረም። ሄድን። ባለቤቲቱ አለቀሱ፣ አጎቴም አለቀሰ፣ እኔም ሰውየውን ሳላውቀው ዕንባዬ መጣ። ከዚያ ቡና ተቆላ። አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ተጠጣ። በረካውን ሳይጠጡ ከኀዘን ቤት መነሳት ደግሞ ነውር ነው። መስኮቱ ላይ ደመናው ሲሰበሰብ እያየሁ ሲኒዬን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ጅሬን ስንደርስ 7 ሰዓት ሊሆን ነው። ገና ከመኪናው ሳንወርድ ዝናቡ ወረደ። አወራረዱ የግንቦት ነው።

ምን ላሳያቸው ፈልጌ እንደነበር ልንገራችሁ። ጠዋት፣ ሰማዩ ገላጣ ሲሆን፣ ከዚያ ኮረብታ ላይ ሜዳው ሁሉ ከሥር ተዘርግቶ ይታያል። ንጉሡ ከላይ ነበሩ፣ ትልቁ የሂርማታ ገበያ ከታች ነበር፤ ዛሬ ጅማ የምንለው ከተማ ያ ገበያ ሰፍቶ ነው። አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነገሡ፤ 54 ዓመት። ከምኒልክ ጋር ጦር ከመማዘዝ ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው መቆየትን የመረጡ ሰው ናቸው። ብዙ ጎረቤት መንግሥታት ሲወድቁ የጅማ ዙፋን እስከ እርሳቸው ፍጻሜ ድረስ የቆየው በዚህ ብልሃት ነው። ይህ ነገር እንዲገባህ ሰገነቱ ላይ ቆመህ ቁልቁል ማየት አለብህ። እንጨቱን በእጅህ መዳሰስ፣ ዛሬም የሚሰገድበትን መስጊዱን ማየት አለብህ።

እኛ ያየነው ጉም ነው። ነጭ ጉም። አጎቴ አንገቱን አስግጎ ቁልቁል ተመለከተና፣ «እዚህ ምኑ ነው የሚታየው?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም፤ ብሰጠው ኖሮ ዝምድናችን እዚያው ያልቅ ነበር። በጠቅላላው 25 ደቂቃ ቆየን። የ54 ዓመት ንጉሥ ለበርጩማው የሰጠነውን ጊዜ ግማሹን ብቻ አገኙ ማለት ነው።

ቦዬን በመስኮት እንኳ አላየነውም። ልጆቹ እርጥብ ካልሲያቸውን አውልቀው የሚኒባሱ ወንበር ላይ አሰጡት።

እሑድ በለጠ እንሄዳለን ብዬ ነበር አይደል? ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል፣ ቡናው ማንም ሳይተክለው ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር በቅሎ የሚታይበት ጫካ ነው። ከቤተ ክርስቲያን እስኪወጡ 3 ሰዓት ሆነ። ቁርስ ተበላ። ከዚያ አጎቴ ሰዓቱን አይቶ፣ «ነገ ሥራ አለ፣ መንገዱም ሩቅ ነው፤ በለጠን ለሌላ ጊዜ እናቆየው» አለ። ልከራከር አፌን ስከፍት እትዬ ሻንጣቸውን ይዘው ወጡ።

ሻንጣው፣ ማሩ፣ ቡናው፣ ጃንጥላው ሁሉ ተጫነ። በርጩማው ግን አልገባም። አንዴ በጎን፣ አንዴ በጀርባ፣ አንዴ እግሩን ወደ ላይ አድርገን ሞከርነው። በመጨረሻ እትዬ፣ «እሱስ አንተ ጋ ይቆይ፤ ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ እግረ መንገድህን ታመጣልኛለህ» ብለው በሩን ዘጉት።

ይህንን የምጽፈው እርሱ ላይ ተቀምጬ ነው። አንደኛው እግሩ ትንሽ ያጥራል።